ገና ያልተሠራ ሥራ በ10 ገጽ

የምርምር ሰው የሚመዘነው በሠራው ሥራ ነው ይባላል፤ ይህ አባባል ግን ግማሽ እውነት ነው። ዶክትሬቱን የጨረሰ ተመራማሪ ለድኅረ ዶክትሬት ፌሎሺፕ ሲያመለክት በአመዛኙ የሚመዘነው ገና ባልሠራው ሥራ ነው። በአውሮፓ ኅብረት የሚደገፈው የማሪ ስክሎዶቭስካ ኪዩሪ የድኅረ ዶክትሬት ፌሎሺፕ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ይሆናል። የማመልከቻው ዋና ክፍል ከ10 ገጽ መብለጥ የለበትም፤ ከዚያ ያለፈውን ገምጋሚው አይመለከተውም። ለሐሳቡ ልቀት 50 በመቶ፣ ለሚያስገኘው ፋይዳ 30 በመቶ፣ ለአፈጻጸሙ ጥራት 20 በመቶ ይሰጣል። ቢያንስ ሦስት ገምጋሚዎች በየግላቸው አንብበው በመጨረሻ በአንድ ነጥብ ይስማማሉ። የዓመታት ልፋት በእነዚህ 10 ገጾች ውስጥ የሚገባው እንደ ማስረጃ ብቻ ነው፤ ዋናው ጉዳይ የወደፊቱ ነው።

እኔ የማስተርስ ተማሪ ነኝ፤ ለዚህ ፌሎሺፕ የሚያበቃ ዲግሪ የለኝም። ስለ ጉዳዩ እንድጽፍ ያነሣሣኝ አማካሪዬ ሁለት ጊዜ ማመልከታቸው ነው። የመጀመሪያውን ማመልከቻ የማውቀው ከነግምገማው እንዳነበው ስለሰጡኝ ነው፤ ሁለተኛው ሲጻፍ ግን ከጎናቸው ነበርኩ። በእርሱም ውስጥ ከመመረቂያ ጥናቴ የተወሰደ አንድ ሥዕላዊ መግለጫ አለ። ከዚህ መጽሔት አንባቢዎች ብዙዎቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዚያው ወንበር ላይ መቀመጣቸው ስለማይቀር፣ ያየሁትን ባካፍል ከንቱ አይሆንም ብዬ አሰብኩ።

በቅድሚያ ስለ ጥናቱ ጥያቄ። አማካሪዬ የሚሠሩት በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ በፋግታ ለኮማ ወረዳ ነው። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ የአሲዳማነት ችግር እንዳለበት በተደጋጋሚ ይጠቀሳል፤ ዝናብ የሚበዛበት ይህ ደጋም ከዚያው የሚመደብ ነው። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ የሰብሉን ሥር ይጎዳል፤ ፎስፈረስ ቢጨመርም በአፈሩ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። የሚመከረው መፍትሔ ኖራ ነው። ነገር ግን ለአንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል ስለሚፈልግ፣ መኪና በማይደርስበት ማሳ ላይ ኖራን ማድረስ ራሱን የቻለ ዕዳ ነው። የፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ሌላ መንገድ ይዘዋል። ከአውስትራሊያ የመጣውንና በአካባቢው «ዲከረንስ» የሚባለውን የግራር ዝርያ በማሳቸው ይተክላሉ። በመጀመሪያው ዓመት በችግኞቹ መካከል ጤፍ ይዘራል፤ ቀጥሎ ሣሩ ይታጨዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉ ተቆርጦ እዚያው ማሳ ላይ ከሰል ይሆናል። ከዚያ መሬቱ እንደገና ይታረሳል። አላፈራ ብሎ የነበረው ማሳ ከዛፉ በኋላ የተሻለ እንደሚሰጥ ገበሬዎቹ ይናገራሉ።

ጥያቄው ታዲያ መሬቱን ያዳነው ምኑ ነው የሚል ነው። ዛፉ ናይትሮጅን ከአየር ወስዶ ያስራል፤ ይህ መልካም ነው። ናይትሮጅን የሚያስሩ ዕፀዋት ግን አፈሩን ይብሱን ሊያኮመጥጡት ይችላሉ። በአንጻሩ ከሰል ሲከሰል የሚቀረው አመድ አሲዱን ያለዝባል። እኔ የአፈር ናሙና የወሰድኩት ከሰል ከተከሰለባቸው 36 ቦታዎችና ከጎናቸው ካለው ማሳ ነው። እንደተጠበቀው ከሰል በተከሰለበት ቦታ ፒኤቹ ከፍ ብሎ ተገኘ። ይሁን እንጂ እነዚህ ቦታዎች ከማሳው ስፋት ጥቂቱን ብቻ የሚይዙ ናቸው። የጠቅላላው ማሳ ምርት ከተሻሻለ አመዱ ብቻውን ምክንያት ሊሆን አይችልም። የረገፈው ቅጠል ነው? መሬቱ ከማረሻ ማረፉ ነው? ወይስ ገበሬው ከከሰሉ ሽያጭ ባገኘው ገንዘብ የሚገዛው ማዳበሪያ ነው? የመጨረሻው ግምት የአማካሪዬ ነው፤ ከአፈር ሳይንስ ሰው ይልቅ ገበያ የሚያውቅ ሰው የሚያነሣው ጥያቄ ስለሆነ በጣም እወደዋለሁ።

የመጀመሪያው ማመልከቻ ይህን ሁሉ ይዞ 83.4 አገኘና ሳይደገፍ ቀረ። ማለፊያው 70 ስለሆነ ወደቀ ማለት አይቻልም፤ በዚህ ውድድር ግን ማለፍና ገንዘብ ማግኘት ለየቅል ናቸው። በዚያው የ2024 ዙር ከቀረቡት 10,360 ማመልከቻዎች ድጋፍ ያገኙት 1,696 ብቻ ነበሩ። ነጥቡ 85 ቢሞላ ኖሮ «የልቀት ማኅተም» የሚባል የምስክር ወረቀት ይሰጥ ነበር፤ ማኅተሙ ብቻውን የአውሮፕላን ትኬት ባይገዛም ለግድግዳ ይሆናል። በዚያ ዙር ከ70 በታች ያገኘ ሰው በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ተቋም በኩል እንዳያመለክት ይከለከል ነበር። 83.4 በሩን ክፍት የሚተው፣ ተስፋ ለመቁረጥም ለመደሰትም የማይመች ነጥብ ነው።

ከነጥቡ ይልቅ የሚያስተምረው አስተያየቱ ነበር። ገምጋሚዎቹ ጥያቄውን አዲስና ጠቃሚ ብለውታል። የነቀፉት የዕውቀት ልውውጡን ነው። የፌሎሺፑ መመሪያ ዕውቀት በሁለት አቅጣጫ እንዲሄድ ይጠይቃል፤ ተመራማሪው ከተቀባዩ ተቋም ይማራል፣ ተቀባዩም ከተመራማሪው ይማራል። አማካሪዬ በቤልጂየም ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚማሩትን ዘዴ በዝርዝር ጽፈው፣ ይዘውት የሚሄዱትን ዕውቀት ግን በሁለት መሥመር አልፈውታል። ያን ክፍል ሳነበው ጽሑፉ በጣም የሚታወቀኝ መሰለኝ። ለሥራ ቅጥርም፣ ለትምህርት ዕድልም፣ ለአገልግሎት ጥያቄም ስንጽፍ የምንጽፈው እንደዚያ ነው። ስለ ራስ ብዙ መናገር ነውር ሆኖ ባደግንበት ቤት «እማራለሁ» ማለት ጨዋነት ነው፤ «አስተምራለሁ» ማለት ግን ድፍረት ይመስላል። ገምጋሚው ይህን ጨዋነት የሚያነበው እንደ ጉድለት ነው። በእርሱ አልፈርድበትም፤ በፊቱ ያለው ወረቀት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ማመልከቻ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የወሰደው ይህን ማስተካከል ነበር። አማካሪዬ አንድ ቀን ባዶ ወረቀት ሰጥተውኝ «እኔ የማውቀውና እዚያ ያሉት ሰዎች የማያውቁት ምንድን ነው? አንተ ጻፈው፤ እኔ ስጽፈው እጄ ይያዛል» አሉኝ። የጻፍኩት ዝርዝር ገጽ ሞላ። የአንድን ማሳ የ20 ዓመት ታሪክ ከገበሬው ቃል አውጥቶ በጊዜ ቅደም ተከተል ማስቀመጥ፤ ከሰል የተከሰለበትን ቦታ ሦስት ክረምት ካለፈበት በኋላም ከአፈሩ ቀለም ለይቶ ማወቅ፤ በአማርኛ የተጠየቀው ጥያቄ በአውንጊ ሲመለስ የሚጠፋውን ትርጉም መያዝ። አማካሪዬ አንብበው ግማሹን ሰረዙ፤ ግማሹም ቢሆን ከበፊቱ ሁለት መሥመር አምስት እጥፍ ይሆናል። የመጨረሻውን ነጥብ እንዳይሰርዙት ተከራክሬ አስቀረሁት።

ሌላው አስቸጋሪ ክፍል ሥራውን ሊያሰናክሉ የሚችሉ ነገሮች የሚዘረዘሩበት ሰንጠረዥ ነበር። ለእያንዳንዱ ሥጋት መፍትሔ መጻፍ ግዴታ ነው። የመጀመሪያው ሥጋት ቀላል ነበር። በቅርብ ዓመታት በዲከረንሱ ላይ የዝገት በሽታ ስለገባ አንዳንዱ ማሳ ዛፉ ሳይደርስ ሊመነጠር ይችላል፤ መፍትሔው ተጨማሪ ማሳዎችን አስቀድሞ መምረጥ ነው። ሁለተኛው ግን መንገድ ነው። መንገድ በክረምት በጭቃ ይዘጋል፤ በሌላ ምክንያትም ይዘጋል። በአማራ ክልል የመስክ ሥራ የሠራ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። እውነቱ በሙሉ ከተጻፈ ገምጋሚው ሥራው አይሠራም ብሎ ይደመድማል፤ ካልተጻፈ ደግሞ ውሸት ነው። አማካሪዬ ብዙ ካሰቡ በኋላ የጻፉት አጭር ነበር፤ ናሙናው የሚሰበሰበው በአካባቢው በሚኖሩና በሠለጠኑ ሰዎች ነው፣ መንገድ ሲዘጋ ሥራው ይዘገያል እንጂ አይቆምም። በእኔ እምነት ከ10ሩ ገጽ ሁሉ ሐቀኛው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው። በመንገዱ ምክንያት የራሴ ናሙና አሰባሰብ ሁለት ጊዜ ሲራዘም፣ ሥራውን የያዙልኝ እዚያው የሚኖሩ ሁለት ወጣቶች ነበሩ።

የዚህ ፌሎሺፕ መሠረታዊ ሕግ እንቅስቃሴ ነው። ከማመልከቻው መዝጊያ ቀን በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ በተቀባዩ አገር ከ12 ወር በላይ የኖረ ወይም ዋና ሥራውን እዚያ ያከናወነ ሰው ማመልከት አይችልም። ዶክትሬታቸውን «ሳንድዊች» በሚባለው መርሐ ግብር ለሠሩ የአገራችን ተመራማሪዎች ይህ ሕግ ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ምዝገባቸው እዚህ፣ የቤተ ሙከራ ሥራቸው እዚያ ስለሆነ ወራቱ ሳይታወቅ ይጠራቀማሉ። አማካሪዬ ቤልጂየም ሁለት ጊዜ፣ አንዴ 5 ወር አንዴ ደግሞ 6 ወር ከጥቂት ቀናት ቆይተው ነበር። ለመጀመሪያው ማመልከቻ ሁለቱም ጉዞዎች በ36ቱ ወራት ውስጥ ወደቁ፤ ስለዚህ የፓስፖርት ማኅተም እየቆጠሩ ከ12 ወር ማነሱን አረጋገጡ። ለሁለተኛው ጊዜ የመጀመሪያው ጉዞ ከመስኮቱ ወጥቶ ስለነበር ሥጋቱ ቀለለ። ከዚያው አገር፣ ከሚያውቁት ቤተ ሙከራ ጋር ለማመልከት ያሰበ ሁሉ ሐሳቡን ከመጻፉ በፊት ቀኖቹን ይቁጠር እላለሁ።

የቀን ነገር ከተነሣ ዘንድ፣ የዚህ ውድድር መዝጊያ በቅርብ ዓመታት ከዘመን መለወጫችን ጋር ይቀራረባል። የ2024ቱ መዝጊያ ሴፕቴምበር 11 ስለነበር መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ሆነ። የ2025ቱ ሴፕቴምበር 10 ነበር፤ ያም ጳጉሜን 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለት ነው። የብራሰልስ 17 ሰዓት በእኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ስለሚሆን፣ የማመልከቻው በርና የዓመቱ የመጨረሻ ቀን ብርሃን አብረው ተዘጉ። ብራሰልስ ውስጥ ይህን ያሰበ ሰው አይኖርም። እኛ ጋ ግን ቤተሰብ ዶሮ ሲገዛና ሰፈሩ ችቦ ሲያዘጋጅ ገጽ ቁጥር ማስተካከል ማለት ነው። ደግነቱ ማመልከቻው ቀድሞ ሊገባና እስከ መዝጊያው ሰዓት ድረስ በተሻለው ሊተካ ይችላል። አማካሪዬ ጳጉሜን 2 አንዴ አስገብተው ነበር። ጳጉሜን 4 ቀኑን ሙሉ መብራት ሲጠፋ ማንም ያልተደናገጠው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ልማድ ለመጽሔት ጽሑፍም፣ ለመመረቂያም እንድንከተለው እመኛለሁ።

ወደ ራሴ ጉዳይ ልመለስ። በነሐሴ አማካሪዬ ቢሮ ጠርተውኝ ከሰል የተከሰለባቸውን ቦታዎች ውጤት የሚያሳየውን ሥዕል በማመልከቻው ውስጥ ሊጠቀሙበት እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ሥዕሉ ገና ያልታተመ የተማሪ ሥራ መሆኑ በግርጌው እንደሚጻፍ፣ እኔ ካልፈቀድኩም እንደማያስገቡት አስረዱኝ። ፈቃዱን በጽሑፍ እንድሰጥም ጠየቁኝ። የሚሰጡትን ክብር የማላውቀው ባይሆንም ደነገጥኩ። የተማሪ መረጃ የአማካሪው ንብረት እንደሆነ የሚቆጥር ልማድ ብዙዎቻችን የምናውቀው ነው። ፈረምኩ። ከፈረምኩ በኋላ ሲከነክነኝ የነበረውን ጥያቄ አነሣሁ።

«ዶክተር፣ ዕድሉን ካገኙ መቼ ነው የሚሄዱት?»

«ሥራው የሚጀመርበትን ቀን በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እኛው ነን የምንመርጠው» አሉኝ። «አንተ መመረቂያህን ሳታቀርብ አልሄድም ብዬ ግን ቃል አልገባም። እንዲህ ያለ ቃል የገቡልኝ ሰዎች ነበሩ፤ ምን እንደሚያመጣ አውቀዋለሁ። አሁኑኑ ሁለተኛ አማካሪ እንፈልግልህ።»

የዚያን ዕለት ማታ ስሜቴ ሁለት ቦታ ተከፈለ። ሥዕሌ ያለበት ማመልከቻ እንዲያሸንፍ እፈልጋለሁ። የሚያሸንፍ ከሆነ ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ በእርሳቸው ሥር ልጀምረው ያሰብኩት ዶክትሬት ይቀራል። በትምህርት ክፍላችን በዚህ ርዕስ የሚያማክር ሌላ ሰው የለም። ወደ ዩኒቨርሲቲ ከመመለሴ በፊት በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ያኔ ያየሁትም ተመሳሳይ ነበር፤ ጎበዙ ባለሙያ ሥልጠና ባገኘ ቁጥር ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ፕሮጀክት ይሄዳል፤ ለቀበሌው የሚቀረው አዲስ ተመራቂ ነው። አንድም ሰው ያጠፋ የለም። የቀበሌው ገበሬ ግን ኖራ ስለመጠቀም በየዓመቱ ከሀሁ ይጀምራል።

እዚህ ላይ ስለ መርሐ ግብሩ አወቃቀር አንድ ትዝብት አለኝ። የፌሎሺፑ አንዱ ዘርፍ በአውሮፓ የሚገኙ ተመራማሪዎችን ወደ ሌላ ዓለም ይልካል፤ ይህ ዘርፍ «ዓለም አቀፍ» ይባላል፤ ወደ አውሮፓ ተመልሶ 12 ወር መሥራትን በግዴታ ይዟል፤ የመመለሻውም ወጪ ይሸፈናል። እንደ አማካሪዬ ያሉ ሰዎች የሚያመለክቱበት ዘርፍ ለማንኛውም ዜጋ ክፍት ነው፤ ይህ ቸርነቱ የሚመሰገን ነው። ወደ መጡበት አገር የመመለሻ ጊዜ ግን የለውም። አውሮፓ የራሷን ሰዎች መመለስ በበጀት አስባበታለች፤ የእኛን መመለስ ማሰብ የእኛ ድርሻ ነው፤ እኛ ደግሞ እስካሁን በውል ያሰብንበት አይመስለኝም። ተመራማሪ ከውጭ ሲመለስ የሚጠብቀው የክፍለ ጊዜ ድልድልና የኮሚቴ ሥራ ነው። ስሟ ለፌሎሺፑ የተሰጠው ሴትዮ ራሷ በ1891 ከዋርሶ ወደ ፓሪስ የሄደችው በሩስያ አገዛዝ ሥር የነበረው የከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ሴቶችን ስለማይቀበል ነው። በ1898 ላገኘችው ንጥረ ነገር፣ በካርታ ላይ ነጻ አገር ባልነበረችው ፖላንድ ስም ፖሎኒየም አለችው። ሥራዋን የሠራችው ግን ፓሪስ ነው።

አማካሪዬ ይህን ትዝብቴን ሲሰሙ አልተከራከሩኝም፤ ያደረጉት ነገር ከክርክር ይሻላል። መመሪያው ከጠቅላላው ጊዜ እስከ አንድ ሦስተኛ የሚሆነውን በየትኛውም የዓለም ክፍል በሚገኝ ሌላ ተቋም ለማሳለፍ ይፈቅዳል። ከ24 ወር ይህ 8 ወር ነው። በመጀመሪያው ማመልከቻ ይህን ዕድል አልተጠቀሙበትም ነበር። በሁለተኛው 8ቱንም ወር በአገር ውስጥ አድርገውታል፤ በየዓመቱ አራት አራት ወር፣ ከመኸር በኋላ ከሰል የሚከሰልበትን ወቅት ተከትሎ። የጊዜ ሰሌዳውን የሠራሁት እኔ ነበርኩ። ሣጥኖቹን በቀለም ስሞላ ጥርና የካቲት ላይ የራሴን የዶክትሬት መስክ ሥራ በልቤ ደርቤ እየሳልኩ እንደነበር አልደብቅም። ገምጋሚ ይህን አያይም፤ ወረቀቱም ላይ የለም።

በ2025ቱ ዙር 17,058 ማመልከቻዎች መግባታቸው ታውቋል፤ ከቀደመው ዓመት ጋር ሲነጻጸር 65 በመቶ ያህል ጨምሯል። ቁጥሩ የተሰማ ዕለት አማካሪዬ «እንግዲህ» ብለው ሻይ አዘዙልን፤ ሌላ አላሉም። ለምን እንደዚህ እንደጨመረ ብዙ መላ ምት ይሰማል፤ እኔ አንዱንም ለመደገፍ የሚበቃ መረጃ የለኝም። የሚታየኝ ይህ ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ውድድር 90 ያገኘውንና 94 ያገኘውን የሚለያቸው የሥራው ጥራት ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ማን እንዳነበበው፣ በስንተኛው ቀን እንዳነበበውም ድርሻ ይኖረዋል። ስለዚህ ያልተደገፈ ማመልከቻ ሁሉ ደካማ ነበር ብሎ መቁጠር ስሕተት ነው። በየትምህርት ክፍላችን ውጤቱን በሹክሹክታ ከመቀባበል ይልቅ፣ የተነቀፈውን ማመልከቻ ከነግምገማው ለተማሪ ማስነበብ ቢለመድ በብዙ ሥልጠና የማይገኝ ትምህርት ይገኝበታል። ለእኔ የሆነልኝ ያ ነው።

አሁን ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. ነው። ሁለተኛ አማካሪ ተመድቦልኛል፤ የሥራ መስካቸው ደን ስለሆነ ስለ ከሰሉ የሚያነሡት ጥያቄ ከአፈሩ ሰዎች የተለየና ጠንካራ ነው። የመጨረሻዎቹ ናሙናዎች ቤተ ሙከራ ገብተዋል። የፌሎሺፑ ውጤት በየካቲት ይጠበቃል። አማካሪዬ ስለ እርሱ አንሥተው አያወሩም፤ ሦስተኛውን ምዕራፍ ግን ከጥምቀት በፊት ይፈልጉታል።